መርከብ ሲመጣ እኛ ላይ ነበርን

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ጋቢ ሸለመኝ። ጋምቤላ ውስጥ፣ በመጋቢት ሙቀት፣ ወፍራም የደጋ ጋቢ። የሸለሙኝ ልጆች ክፋት የለባቸውም፤ ለጡረተኛ የሚሰጠው ይኸው ነው ተብሎ ከድሮ የመጣ ልማድ ነው። ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገውልኝ ፎቶ እስክንነሳ ድረስ ላቤ እስከ ወገቤ ወረደ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ባለቤቴ "ይህን ምን እናድርገው?" ስትለኝ አጥፌ ሣጥን ላይ አስቀመጥኩት። ከሥራ ዘመኔ ምን ይዤ እንደወጣሁ ቁጭ ብዬ ማሰብ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው።

ኦኬሎ እባላለሁ። አቦቦ ተወልጄ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ አኙዋ ነኝ። ሥራዬ ቅየሳና ካርታ ነበር። አማርኛ የተማርኩት ከመምህራንና ከአለቆች ስለሆነ የደጋ ጓደኞቼ "አንተ የመሥሪያ ቤት አማርኛ እንጂ የሰው አማርኛ አታውቅም" እያሉ ይቀልዱብኛል። እውነታቸውን ነው። ስቆጣ እንኳ "ጉዳዩን በተመለከተ" ብዬ ነው የምጀምረው።

ሰሞኑን የድሮው ወደብ ፋሽን ሆኗል። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ተማሪዎችና ፎቶ አንሺዎች፣ አንዳንዴም ፈረንጆች፣ "መርከቦቹ የት ነበር የሚቆሙት?" እያሉ ቤቴ ድረስ ይመጣሉ። ወደ ባሮ ይዣቸው ወርጄ አሳያቸዋለሁ። እንግሊዞች እዚህ የንግድ ጣቢያ እንደነበራቸው፣ መርከቦች ከካርቱም እየመጡ ከጎሬ በበቅሎ የወረደውን ቡና ጭነው ይመለሱ እንደነበር እነግራቸዋለሁ። ደስ ይላቸዋል። ቀጥለው የዚያን ዘመን ካርታ የት እንደሚያገኙ ሲጠይቁኝ ወሬ እቀይራለሁ። ያ ካርታ ለእነሱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ ነው። ለእኔ የአክስቴን መንደር ያስበላ ወረቀት ነው።

ሥራ የጀመርኩት ጎግ ውስጥ በሜትር ያዥነት ነው። ሜትር ያዥ ማለት የሜትሩን ጫፍ ይዞ እሾህ ውስጥ የሚገባው ሰው ነው፤ ቁጥሩን የሚያነበው ሌላኛው ነው። የመጀመሪያው አለቃዬ አስተማሪ የነበሩ ሰው ስለሆኑ ፊሽካ ከኪሳቸው አይለይም ነበር። አንዴ ሲነፉ እንቆማለን፣ ሁለቴ ሲነፉ ሜትሩን እንወጥራለን። ሜትር ሲረግብ መሬት እንደሚሰረቅ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። "የረገበች ሜትር ከሌባ ትብሳለች" ይሉ ነበር፤ ፊሽካቸው እስከዛሬ በሕልሜ ይመጣብኛል።

ከጎግ ወደ ኢታንግ ተዛወርኩ። እዚያ ወንዝ ምን እንደሚያደርግ አየሁ። በበጋ የተከልነውን ችካል ክረምት ላይ ውሃው ይወስደዋል፣ ከውሃው የተረፈውን ደግሞ ሰው ነቅሎ ያነደዋል። በዓመቱ ተመልሰን ያንኑ ችካል እንተክላለን። ቀጥሎ ማታር ነበርኩ፤ በጀልባ ነው የምንገባው፣ ትንኙ ሰው ያነሳል፣ ከድንበሩ ወዲያ ማዶ፣ ሱዳን ውስጥ፣ ዘመድ የሌለው ሰው ግን አታገኝም፤ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ስለለመዱ እንግዳ ሆኜ አላውቅም ነበር። ደመወዙ ዘግይቶ ይመጣል፣ ሲመጣም ለብድር ነው። የትም ብመደብ አንድ ነገር አንድ ነው፤ ቅየሳ የሚሠራው በበጋ ነው። ክረምት ላይ መኪና አይገባም፣ አበል አይፈቀድም፣ ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ክረምት የቢሮ ሥራ ጊዜ ነው። ይህን ደንብ የጻፈው የለም፤ ማንም ግን ጥሶት አያውቅም።

ጋምቤላ ዋናው መሥሪያ ቤት ስመጣ ያገኘኋቸው ሰው ጋሽ ወልዴ ናቸው። የካርታ ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። የጎሬ ሰው ናቸው፤ አባታቸው ለዚያው ወደብ ቡና በበቅሎ ሲያወርዱ የኖሩ ነጋዴ ነበሩ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲናደዱ የሚያስነጥሳቸው ሰው። የማውቀውን ሥራ ሁሉ ከእሳቸው ነው ያገኘሁት ብል ማጋነን አይደለም።

ካርታ ከመንካታቸው በፊት በሳሙና ይታጠባሉ። እጃቸውን በፎጣ አይጠርጉም፣ ክር ይለቃል ይላሉ፤ እንደ ሐኪም ወደ ላይ አድርገው ነፋስ ያስመቱታል። ከዚያ ጠረጴዛው ይዞራል። የካርታው ሰሜን ከእውነተኛው ሰሜን ጋር ካልገጠመ አንድ ቃል አይተነፍሱም። ወንበር ይነሳል፣ ሰው ይነሳል፣ ሻይ ይነሳል። አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን መጥተው ካርታ አሳዩኝ ሲሏቸው ሰውዬውን ራሳቸውን ከነወንበራቸው አዙረዋቸዋል። ጣት ወረቀት ላይ ማሳረፍ ክልክል ነው፤ ከጎሬ የሚያመጧት ስንደዶ ሁልጊዜ ደረት ኪሳቸው ውስጥ አለች፣ በእሷ ነው የሚያመለክቱት።

"ካርታ ሐሜት ነው" ይሉኝ ነበር። "ሐሜት ስትሰማ መጀመሪያ የምትጠይቀው ማን አለ ብለህ አይደል? ይኼንንም ማን አለ፣ ምን ፈልጎ አለ ብለህ ጠይቅ። ቡና የፈለገ ሰው መጋዘን ይስላል፤ ግብር የፈለገ ጎጆ ይቆጥራል።"

ሁለት ጉድለት ነበረባቸው። አንደኛው ባሮን መፍራታቸው ነው። ዕድሜ ልካቸውን የወንዙን ካርታ እየሠሩ አንድ ቀን ጀልባ ላይ ወጥተው አያውቁም። "አዞው የጎሬን ሰው ሥጋ ይወዳል" ብለው ያሾፋሉ፣ ፍርሃቱ ግን የምር ነበር። ሁለተኛው፣ እሱን እንኳ ጉድለት ልለው ይከብደኛል፣ የዓመት ፈቃዳቸውን ሁልጊዜ ክረምት ላይ መውሰዳቸው ነው። ሐምሌ ሲገባ ወባውንና ጭቃውን ሸሽተው ወደ ጎሬ ይወጣሉ። የደጋ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ባሮ አፉ ድረስ ሞልቶ አይተውት አያውቁም ማለት ነው። ይህን ያኔ ማንም ልብ አላለውም፣ እኔም አላልኩትም።

አሮጌው ካርታ በብረት ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ጀርባው ላይ ሸራ የተለጠፈበት፣ አንዱን ጥግ ምስጥ የበላው ወረቀት ነው። የወደቡ ዘመን ሰዎች ከጋምቤላ ወደ ኢታንግ አቅጣጫ ያለውን ወንዝ የሳሉበት ነው። የውሃው ጥልቀት በትንንሽ ቁጥር ተጽፏል፣ መርከብ የሚሄድበት መስመር አለ፣ ጎጆዎች በነጥብ ተመልክተዋል። ጋሽ ወልዴ ይህን ካርታ ይወዱት ነበር። አባታቸው ቡና ያራገፉበት መጋዘን ላይ ስንደዷቸውን አሳርፈው የሚቆዩበት ቀን ነበር።

እናቴ የተወለደችበት መንደር ፒኝዋ ይባላል። ከከተማው ወደ ታች፣ ባሮ ዳር ያለ ነው። ልጅ ሳለሁ እናቴ ሁልጊዜ በገና ሰሞን ነበር የምትወስደኝ፤ በክረምት መንገዱ አይታሰብም። ውሃው ሸሽቶ የተወው ጥቁር አፈር ላይ በቆሎ ይዘራል፣ ማረሻ አይነካውም፣ ዘሩን በእንጨት ወግተው ይጥሉታል፣ ይበቅላል። እንደዚያ ያለ በቆሎ ሌላ ቦታ በልቼ አላውቅም። እናቴ ከሞተች በኋላ ታናሿ አሪያት ናት እናት የሆነችኝ። ማማ እላታለሁ።

አንድ ዓመት፣ በጋ ላይ፣ ፒኝዋ ያለበት ዳርቻ ለመናፈሻና ለእንግዳ ማረፊያ ታሰበ። የነዋሪውን ነገር የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቋመ። ጥያቄው አጭር ነው፦ ፒኝዋዎች ነባር ናቸው ወይስ በቅርብ የሰፈሩ? ነባር ከተባሉ ዳርቻው ይቀርላቸዋል፤ ካልተባሉ ወደ መንገድ ዳር ይዛወራሉ። የአክስቴ ቤት፣ የእናቴ መቃብርና ያ ጥቁር አፈር በዚህች በአንዲት ቃል ላይ ተንጠለጠሉ።

ሽማግሌዎቹ ከአክስቴ ጋር ሆነው ቢሯችን መጡ። ዝምድናዬን ለጋሽ ወልዴ ነገርኳቸው፣ ከጉዳዩ ልውጣ አልኳቸው።

"ምን አገባህ?" አሉኝ። "አንተ የምትስለው ነገር የለም። ካርታው ከተሳለ ቆይቷል።"

ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። "በአፍ አትከራከሩ። የሰው አፍ ያከራክራል፣ ወረቀት ግን ይዳኛል። እኛ ዘንድ የመርከቡ ዘመን ካርታ አለ። እናንተም እሱ ላይ አላችሁ።"

አክስቴ "አንተ አይተሃል?" አለቻቸው። አማርኛዋ የገበያ ነው፤ አንቱ የሚባል ነገር አታውቅም፣ ለሕፃኑም ለዳኛውም አንተ ነው።

"ዳሩን ይዞ ጎጆ ነጥብ በነጥብ ነው፣ እናቴ" አሏት።

እጃቸውን ሳይታጠቡ፣ ጠረጴዛውን ሳያዞሩ፣ ሣጥኑን ሳይከፍቱ ተናገሩ። ካርታውን በልባቸው የሚያውቁት መስሏቸው ነው። ከከተማው አጠገብ ዳሩን ይዞ የተሰለፈ ነጥብ በእርግጥ አለ፤ ወደ ታች እስከ ፒኝዋ የሚቀጥል መስሏቸው ነበር። ሽማግሌዎቹ በደስታ ወጥተው ለኮሚቴው ማስረጃችን ካርታ ነው ብለው ተናገሩ። ምስክር የሚሆኑ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ከሌላ መንደር ይመጡ ነበር፤ አያስፈልግም ተብለው ቀሩ።

ሲወጡ ካርታውን ከፈትነው። ታጠቡ፣ ጠረጴዛው ዞረ፣ ስንደዷቸው ወንዙን ተከትላ ወረደች። ፒኝዋ ያለበት ኩርባ ላይ ስትደርስ ቆመች። ቦታው ባዶ ነው። አንድ ነጥብ የለም። የወንዙ መስመር ራሱ ወደ ውስጥ ገብቶ በቆሎው የሚዘራበትን ቦታ ውሃ አድርጎታል። ከዳርቻው በጣም ርቆ፣ ወደ ጫካው፣ የተሰበሰቡ ነጥቦች አሉ፤ አጠገባቸው "የኦጁሉ መንደር" ተብሎ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ኦጁሉ የሚባል ሰው በአኙዋ አገር ስንት አለ? ድሮ የጠፋ ሌላ መንደር ነው ብለን አለፍነው።

ጋሽ ወልዴ አስነጠሳቸው። ቆይተው "ተናግሬያለሁ" አሉ። ካርታውን መልሶ መደበቅ አይቻልም ነበር፤ ኮሚቴው በደብዳቤ ጠይቆናል።

የስብሰባው ቀን አዳራሹ ሞላ። ሰብሳቢው የደጋ ሰው ናቸው፣ ለዓመታት እዚህ የኖሩ፣ ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን የምለው ይቅር ስላልኳቸው ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው። ካርታው ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። ባዶውን ቦታ አዩት። ጋሽ ወልዴ ቆመው ካርታው ጉድለት ሊኖረው እንደሚችል፣ የሳሉት ሰዎች ዓላማ ንግድ እንደነበር አስረዱ።

"አቶ ወልዴ" አሏቸው ሰብሳቢው፣ "ካርታው ይዳኛል ያሉት እርስዎ ነዎት። አሁን ሲዳኝ ጉድለት አለው ይሉናል?"

ቀጥለው ወደ አክስቴ ዞሩ። አስተርጓሚ ተቀምጦ ነበር፤ አፉን ሲከፍት በእጇ አስቆመችው።

"እኔ ራሴ እናገራለሁ። አማርኛ አውቃለሁ።"

"መልካም። እንግሊዞቹ እዚህ በነበሩ ጊዜ፣ መርከብ በሚመጣበት ጊዜ፣ የናንተ ሰዎች የት ነበሩ?"

"መርከብ ሲመጣ እኛ ላይ ነበርን።"

"ላይ?"

"አዎ፣ ላይ።"

"ወደዚህ የወረዳችሁትስ መቼ ነው?"

"መርከብ ሲሄድ እኛ ወረድን። አንተ ጥሩ ትሰማለህ።"

ሰው ሳቀ። ሰብሳቢውም ፈገግ ብለው ለጸሐፊው ነገሩት፣ ጸሐፊው ጻፈ። ላይ ማለት ለእሳቸው በጎሬ መንገድ ወዳለችው ቦንጋ፣ ወደ ተራራው፣ እሳቸው ራሳቸው ወደመጡበት ነው። መርከብ ሲሄድ ማለትም አንዴ ሄዶ የቀረ ጊዜ፣ እንግሊዞቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው የወጡ ጊዜ። ቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው "እንግሊዞች ከለቀቁ በኋላ ከላይኛው አካባቢ የመጡ" የሚል ነው። እኔ እዚያው ነበርኩ። ላይ ስትል ከቤቶቹ ጀርባ ያለችው ትንሽ ጉብታ ታየችኝ፣ ክረምት ላይ ወደ ላይ ይወጣሉ ሲባል እሰማ ነበርና፤ ነገሩ ትንሽ ቅር አለኝ፣ ግን ምኑ እንደሆነ አልገባኝም። አስተርጓሚው ሁሉ ነገር ደህና ነው ብሎ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። አክስቴ ስትወጣ ኮራ ብላ ነበር። ጥሩ ተናግሬያለሁ ብላ አስባለች።

ውሳኔው ነባር አይደሉም የሚል ሆነ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ይነሳሉ ተባለ።

በዚያ ዓመት ሐምሌ ሲገባ ጋሽ ወልዴ ወደ ጎሬ አልሄዱም። ፈቃድ አልጠየቁም። ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብለው ዝናቡን ያያሉ። ጠረጴዛ ማዞሩንም ትተውታል፤ ካርታው እንደተቀመጠ ያነቡታል። ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት "ኦኬሎ፣ ጀልባ ፈልግ" አሉኝ።

"ለማን?"

"ለእኔ። እነዚያ ሰዎች በምን መጡ? በመርከብ። መርከብ መቼ ነው እዚህ የሚደርሰው? ውሃ ሲሞላ። እነሱ የቆሙበት ቦታ ቆሜ አላውቅም።"

ቱት የሚባል ባለጀልባ ነበረኝ፣ ማታር ሳለሁ የተዋወቅሁት ኑዌር፣ ሞተሩን ከልጆቹ አብልጦ የሚወድ ሰው። ካርታውን በላስቲክ ጠቅልለን ወረድን። ጋሽ ወልዴ ሲሳፈሩ አማተቡ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የጀልባውን ጠርዝ ጨበጡ።

"ጋሽዬ፣ ዓይን ክፈት" አላቸው ቱት። "ዓይን ከዘጋህ አዞ ተኝተሃል ይላል። ሞተር ጥሩ ነው፣ ኖ ፕሮብሌም።"

ከፈቱ። ባሮ ሰፍቶ ቡናማ ሆኖ ይሄዳል፣ ዛፎች እስከ አንገታቸው ውሃ ውስጥ ቆመዋል። በጋ ላይ ስንት ጊዜ በእግሬ የረገጥኩት ዳርቻ የለም። ፒኝዋ ያለበት ኩርባ ላይ ስንደርስ ቱት ሞተሩን አጠፋው። መንደር የለም። የጎጆዎቹ ምሰሶ ብቻ እዚህም እዚያም ብቅ ብሏል። ጋሽ ወልዴ ላስቲኩን ገልጠው ካርታውን አዩ፣ ወንዙን አዩ፣ ተመልሰው ካርታውን አዩ። መስመሩ አንድ ነው። ወረቀቱ ላይ ወደ ውስጥ የገባው የወንዝ ዳር ፊት ለፊታችን ነበር።

"የክረምት ካርታ ነው" አሉ። "አምላኬ፣ የክረምት ካርታ ነው። እኛ በበጋ ነው የምንፈልጋቸው።"

ቱት "ሰዎቹን ነው የምትፈልጉት? ላይ ናቸው" አለን፣ ሁላችንም የምናውቀውን ነገር እንደሚናገር ሰው። በሣሩ መሃል በቀዘፋ ወሰደን፣ ውሃው እስኪያልቅ ሄድን፣ ከዚያ በእግር። መሬቱ ቀስ እያለ ከፍ ይላል። ሲደርቅ ጎጆ፣ ጭስ፣ ዶሮ፣ የሕፃናት ጫጫታ። ፒኝዋ በሙሉ እዚያ ነበር። አክስቴ በረንዳ ሥር ተቀምጣ ዓሣ ትከፍት ነበር።

"አሁን መጣችሁ?" አለች። "ይሄ ነው ላይ።"

ጋሽ ወልዴ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ካርታውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ስንደዷቸውን ፈለጉ፤ ወንዙ ውስጥ ወድቃለች መሰለኝ። በጣታቸው አመለከቱ። ከእሳቸው ጋር በሠራሁበት ዘመን ሁሉ ጣታቸው ወረቀት ሲነካ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ኦኬሎ፣ ጠይቃት። ኦጁሉ ማነው?"

በአኙዋ ቋንቋ ጠየቅኋት። ቢላዋውን አስቀምጣ አየችኝ፣ እንዴት ይህን አታውቅም በሚል ዓይን። "ያባቴ አባት ነዋ። ያንተ እናት አያት። የዚህ አለቃ እሱ ነበር። መርከብ ሲመጣ እኛ እዚህ ነን፣ መርከብ ሲሄድ እንወርዳለን። ለዚያ ሰውዬ ነግሬዋለሁ። ጻፈው እኮ።"

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። መርከብ ማለት ለእሷ ክረምት ማለት ነው። አያቶቿ ወቅቱን የሚጠሩት እንዲያ ነበር። እሷ በየዓመቱ የሚሆነውን ተናገረች፣ እነሱ አንድ ጊዜ የሆነውን ጻፉ። እኔም የራሷ ደም፣ አማርኛውንም አኙዋውንም የማውቅ፣ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜ አልሰማኋትም። ለጋሽ ወልዴ ስተረጉምላቸው ፊታቸውን በካርታው ሸፈኑ።

ስንመለስ ግን ተስፋ ነበረን፣ አልዋሽም። ጋሽ ወልዴ ጀልባው ላይ ዓይናቸውን አልጨፈኑም። እየጮሁ ነበር የሚያወሩት፤ የኦጁሉ ስም፣ የመስመሩ መግጠም፣ የወቅቱ ነገር። ማብራሪያውን አብረን ጽፈን፣ የድሮውንና እኛ አሁን በበጋ የሠራነውን ካርታ ብርሃን በሚያሳልፍ ወረቀት ላይ አንዱን ባንዱ ላይ ገልብጠን፣ ለሰብሳቢው ራሳችን ወሰድንላቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡን። ጥሩ ጥያቄም ጠየቁ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው አሻሹ።

"ስለዚህ ካርታው የሚያሳየው" አሉ፣ "እነዚህ ሰዎች የሚኖሩት ከወንዙ ርቀው እንደነበር ነው። ወንዙ ዳር አልነበሩም። እኛስ ያልነው ይህንን አይደል?"

ጋሽ ወልዴ "በበጋ ይወርዳሉ" አሉ።

"በመርከቡ ዘመን በበጋ የሚወርዱበትን ካርታ ያምጡልኝ።"

እንዲህ ያለ ካርታ የለም። በበጋ መርከብ አይመጣም፣ መርከብ ካልመጣ የሚስል ሰው የለም። ይህን ሁለታችንም አወቅነው፣ ሰብሳቢውም ያወቁት ይመስለኛል። "ሥራው ተጀምሯል" አሉን ሲሸኙን፣ በትሕትና። "መንገድ ዳር ትምህርት ቤትም ክሊኒክም አለ። ይሻላቸዋል።"

ውሃው ሲጎድል ፒኝዋዎች እንደ ልማዳቸው ለመውረድ ጓዛቸውን ሸከፉ። ወደ ወንዙ ሳይሆን ወደ አስፋልቱ ወሰዷቸው። ቆርቆሮ ቤት ተሰጣቸው፣ እውነትም ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው። ውሃ ግን በቦቴ ነው የሚመጣው፣ ሲመጣ። ጥቁሩ አፈር ላይ ሣር ተተክሎ የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረበት። የእናቴ መቃብር ከአጥሩ ውስጥ ነው፤ ለመግባት ዘበኛ አስፈቅዳለሁ። ዘበኛው የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ስለሆነ ያስገባኛል።

ጋሽ ወልዴ ብዙ አልቆዩም። ጡረታቸውን አስከብረው ጎሬ ገቡ፣ እዚያው ሞቱ። ለለቅሶ ስሄድ ልጃቸው "አባባ ስለ ጋምቤላ አያወሩም ነበር፣ ምን ደርሶባቸው ነው?" አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት? ሥራቸውን ከእሳቸው አብልጦ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ የሥራ ዘመናቸው ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን፣ ደግ ለመሆን ብለው፣ ሳያዩ ተናገሩ። ያቺን ቀን ይዘው ሞቱ። ደክሟቸው ነበር አልኳት።

እኔ በቦታቸው ተተካሁ። በምሠራው ካርታ ሁሉ ጥግ ላይ የተለካበትን ወር መጻፍ ጀመርኩ። አለቆች ይስቁብኛል፣ አንዱ "የልደት ካርድ ነው እንዴ?" አለኝ። በኋላ ሁሉም በኮምፒውተር ሲሆን ቅጹ ላይ ለወር የሚሆን ቦታ አልነበረም፣ ቀረ። አሁን ሥዕሉን የሚያነሳው ድሮን ነው። ድሮኑም የሚበረው ጥር ላይ ነው፤ ክረምት ላይ ደመና አለ።

የመጨረሻው ሥራዬ በዚያ የድሮን ካርታ ላይ የቦታ ስም ማስገባት ነበር። በእኛ ሙያ ቀያሽ ስም አያወጣም፤ የሚኖርበት ሰው የሚለውን ነው የሚጽፈው። ወንዙ ዳር ያለው ቦታ ስሙ ተጽፎ አልቋል፣ "መናፈሻ" ነው። አስፋልቱ ዳር ያለው ገና ባዶ ነው። ይህን ለማንም አልሰጥም ብዬ ራሴ ሄድኩ። ሐሳቤ ግልጽ ነው፤ ፒኝዋ የሚል አንድ ሰው ካገኘሁ እጽፈዋለሁ፣ ስሙ ቢያንስ አንድ ወረቀት ላይ ይተርፋል።

አክስቴ አርጅታለች። ቆርቆሮው ጥላ ሥር ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ እንደ ሥራ ሰው ጠየቅኋት።

"ማማ፣ ይህ ቦታ ማን ይባላል?"

"ሰፈራ።"

"ሰፈራማ መንግሥት ያለው ነው። እናንተ ምን ትሉታላችሁ?"

"ሰፈራ ነው የምንለው። ልጆቹም ሰፈራ ይላሉ።"

"ፒኝዋ በይኝ" አልኳት። ለመንኳት ማለት ይሻላል። "አንድ ጊዜ በይኝና እጽፈዋለሁ። ካልጻፍኩት ስሙ የትም የለም። እኔም ጡረታ እየወጣሁ ነው።"

እጄን ያዘችኝ።

"ፒኝዋ ወንዙ ጋ ነው፣ ልጄ። እዚህ ከጻፍከው እነዚህ ልጆች ሲያድጉ ድሮም እዚህ ነበርን ይላሉ።"

ከመኪናው አጠገብ ባልደረባዬ ታብሌቱን ይዞ ይጠብቀኛል። "አቶ ኦኬሎ፣ ምን አሉ?" አለኝ።

"ሰፈራ ብለህ ጻፍ" አልኩት።